ከባሕሩ በላይ የታጠበው ጋቢ

ሰቆጣ ውስጥ ዓሣ የምሸጥባት ምግብ ቤት አለችኝ። ትንሽ ናት። ትንሽነቷን ማየት የፈለገ ሰው በጾም ይምጣ፤ ደንበኛው ከጠረጴዛ ተርፎ ደጃፍ ላይ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲበላ ያያል። ዓሣው የሚመጣልኝ ከተከዜ ሐይቅ ነው። ግድቡ ውሃውን ካቆመው ወዲህ በኒሯቅ በኩል ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው በጀልባ ያጠምዳሉ፤ የወጣላቸውን በበረዶ አሽገው በሚኒባስ ይልኩልኛል። እኔ ደግሞ እጠብሰዋለሁ፣ ጉላሽ እሠራዋለሁ፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለሾርባ አደርገዋለሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የምችለው ነገር ቢኖር ማውራት ነው፤ ደንበኞቼም የሚመጡት ለሁለቱም ይመስለኛል።

ያለፈው ግንቦት ሙቀቱ ለጉድ ነበር። የቆላው አየር ደጋ ወጣብን እንዴ እያልን በየጥላው ስንሸሽ ሰነበትን። አንድ ቀን ሚኒባሱ ዓሣ ሳይዝ መጣ። የልጆቹን አለቃ ደውዬ ስጠይቀው «እትዬ ዝናሽ፣ ዓሣው እየሞተ ነው» አለኝ። «እኔ የምቀበለው መቼም ቢሆን የሞተ ነው» ብዬ ልቀልድበት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ድምፁን ልብ አልኩትና ተውኩት። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ሀብታሙ መጣ። ሀብታሙ የዓሣ ባለሙያ ነው፤ ሐይቁን ሲያይ ሰንብቶ መመለሱ ነበር። ዓሣ የለም ስለው አውቃለሁ አለና ሽሮ አዘዘ። ሽሮው እስኪቀርብ ስልኩን አውጥቶ የሐይቁን ዳር ፎቶ አሳየኝ። ሆዳቸውን ወደ ላይ ያደረጉ ነጫጭ ዓሦች በድንጋይና በጭቃው መካከል ተኝተዋል። አጠገባቸው የሰው ጫማ ይታያል፤ አንዱ ዓሣ ከጫማው እጥፍ ይሆናል። ፎቶዎቹን እያገላበጥኩ አየኋቸው። ከዚያ ሳላስበው «ትልልቆቹ ብቻ ናቸው የሞቱት?» አልኩት።

«ትልልቆቹ ናቸው» አለ። «ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይቀንሳል። ዓሣው ደግሞ ሲሞቀው ከወትሮው የበለጠ መተንፈስ ይፈልጋል። ትልቁ ብዙ ስለሚፈልግ ቀድሞ ያልቃል፤ ትንሹ በዳር በዳር ይተርፋል።»

«ባለ ጢሙ ዓሣ፣ አምባዛስ?»

«አምባዛ ብቅ ብሎ ከላይ አየር ይስባል። እሱ ምን ገዶት።»

እኔ ቆሜ የምውል ሴት ነኝ። ደንበኛ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ያን ቀን ወንበር ስቤ ከሀብታሙ ፊት ተቀመጥኩ፤ ሽሮውን ይዛ የመጣችው ልጅም ምን ሆነች ብላ አየችኝ። ለምን እንደተቀመጥኩ ለመናገር ግድቡ ገና ወዳልታሰበበት፣ እኔም የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ መመለስ አለብኝ።

የተወለድኩት በአበርገሌ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከመንደራችን ሥር አንድ ወንዝ ያልፋል። ወንዝ መባሉ በክረምት ነው፤ በበጋ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ይሆናል። ውሃው ጠልቆ የሚተኛበትን ቦታ እኛ ባሕር እንለዋለን። የእኛ ባሕር ከገደል ሥር ነበር። በአንድ ጎኑ ትልልቅ ሾላዎች ያጠሉበታል፤ በገደሉ በኩል ደግሞ ከውሃው ውስጥ የሚፈልቅ ምንጭ አለው። ምንጩ በዓይን አይታይም። እግርሽን ስትዘረጊ ነው የምታውቂው፤ ለብ ያለው ውሃ መሐል ድንገት አንድ ቀዝቃዛ ነገር ቁርጭምጭሚትሽን ይይዝሻል። ልጆች ሳለን እዚያ ላይ ማን ብዙ እንደሚቆም እንወራረድ ነበር።

አባቴ ካሳ ማሽላ የሚዘራ፣ ፍየል የሚያረባ ገበሬ ነው። ነገር ግን ልቡ ዓሣ ላይ ነበር። በመንደሩ መንጠቆ ይዞ ቁም ነገሬ ብሎ ወንዝ የሚወርድ እሱ ብቻ ስለሆነ ይቀለድበታል፤ «ካሳ ዛሬስ ከዓሣዎቹ ጋር ነው የምታመሸው ወይስ ከለምለም ጋር?» ይሉታል። ለምለም እናቴ ናት። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። ነጭ ዓሣ ሲይዝ ሰንጥቆ በጨው ያሸዋል፣ አለት ላይ ያደርቀዋል፣ ሲጠራቀምለት ሰቆጣ ወስዶ ሰይድ ለሚባል ባለሱቅ ይሰጠዋል። ሰይድ በለውጡ ጨው፣ ሻማ፣ አንዳንዴም ለእኔ የራስ ሻሽ ይሰጠዋል። ትኩሱን ግን እቤት እንበላዋለን፤ በአዋዜ ለውሶ ፍም ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ቆዳው ሲፈነዳ በማሽላ እንጀራ እንጠቀልለዋለን። እናቴ ቤቱ ሸተተ እያለች ታማርራለች፣ ከማንም በላይ የምትበላው ግን እሷ ነበረች። አሁን የማበስለው ዓሣ ሁሉ ያንን ጣዕም ለማግኘት የሚደረግ ሙከራ ነው ብል አልዋሸሁም። አላገኘሁትም።

በመንደራችን ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያከብረው አንድ ደንብ ነበር። እንዶድ ከባሕሩ በላይ አይታጠብበትም። እንዶድ ጋቢና ነጠላ እንደ ወተት ያነጣል፣ ግን ውሃ ውስጥ ያለውን ነፍስ ይጎዳል፤ ከባሕሩ ደግሞ ከብትም ሰውም ይጠጣል። ስለዚህ ሴቶች የሚያጥቡት ከባሕሩ በታች፣ ውሃው ተርፎ በሚፈስበት፣ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ነበር። ወሬ የሚሰማው፣ ሙሽራ የሚታየው፣ ቂም የሚረሳው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። በላይ በኩል ያጠበች ሴት አለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት በልግ አልዘነበም። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ደግሞ ሾላዎቹን ለቤት መሥሪያ ብለው ቆርጠዋቸው ስለነበር ፀሐዩ ከጠዋት እስከ ማታ ባሕሩ ላይ ያርፋል። ግንቦት አልቆ ሰኔ ገባ፤ ደመናው ይሰበሰባል፣ ያፍነናል፣ ተመልሶ ይበተናል። ከባሕሩ በታች ያለው ውሃ ጨርሶ ደረቀ። ማጠቢያው ድንጋይ ከመጋሉ የተነሳ እንኳን ጋቢ ሊያስጥል እጅ አያስነካም። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወርጄ እግሬን ባሕሩ ውስጥ ነከርኩት፤ ለአራስ ልጅ ገላ የተዘጋጀ ውሃ ይመስል ነበር።

አባቴ በዚያ ሰሞን ከወንዝ ሲመለስ ደስ ብሎታል። «ዓሣው ሁሉ ምንጩ አፍ ላይ ተደራርቦ ቆሟል» አለን። «እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ሚካኤል ለበዓሉ ሰብስቦልን ነው።» የሰኔ ሚካኤል ሊደርስ ነበር። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው፤ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ዛፍ ሥር እንደተጠጉ ፍየሎች ትልልቆቹ ዓሦች ቀዝቃዛዋ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ታጭቀዋል፤ አይዋኙም፣ አፋቸውን ብቻ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። በእጅ ይያዙ ነበር። አባቴ ለእኛ የሚበቃንን ያዘና የቀረውን ለበዓሉ ማግስት ብሎ ተወው። ዛሬ ሳስበው ያ መሰብሰብ ጭንቀት ነበር። እኛ በረከት አልነው።

ለእናቴ የልብስ ንጣት ክብሯ ነበር። ድሃ ነን፣ ግን የካሳ ጋቢ በበዓል ቀን ከሁሉም ይነጣል ይባል ነበር፣ እሷም ይህን ስትሰማ ያልሰማች ትመስላለች። ዝናብ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። በዓሉ ሲደርስባት እንዶዱን በጨርቅ ቋጠረች፣ የአባቴን ጋቢ አነሳች፣ እኔን አስከትላ ወረደች። ማጠቢያው ድንጋይ ጋ ደርሳ ደረቁን አሸዋ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ላይ መራመድ ጀመረች። ከባሕሩ በላይ፣ በቋጥኞች መካከል፣ እንደ ጣት የምትቀጥን ውሃ ቀርታ ነበር።

«እማ፣ እዚህ?» አልኳት።

«ለአንዲት ጋቢ ነው። ማን ያየናል?» አለችኝ።

እንዶዱን ቀጥቅጣ ዘፈዘፈችው፤ እኔ ጋቢውን ረገጥኩ። አረፋው በቋጥኙ መካከል እየተንከባለለ ወረደና ባሕሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የሚገፋው ውሃ አልነበረምና። አረፋው የነጭ ዶሮ ጭራ መሰለኝና ለእናቴ አሳየኋት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሕፃን አይደለሁም፣ ደንቡን አውቃለሁ፣ ግን እናትሽ አብራሽ ስትጥሰው ደንብ ቀላል ነገር ነው።

በማግስቱ ማለዳ ከወንዝ ጩኸት ተሰማ። ሁላችንም ወረድን። የባሕሩ ፊት ነጭ ሆኗል። እንደ ክንድ የሚረዝሙ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ተንሳፍፈዋል፤ ምንጩ አፍ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ። ትንንሾቹ ግን በዳር በኩል ይርመሰመሳሉ። አምባዛዎቹም ብቅ እያሉ አየር ይውጣሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድም ነገር አልገባኝም። የማየው አረፋውን ብቻ ነበር፤ አረፋው እዚያ ባይኖርም።

ወንዶቹ ግን ገባን አሉ። ትልልቁን ለይቶ የገደለ ሰው ትልቅ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ነው አሉ። ከሩቅ አገር ብርብራ የሚባል፣ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ እንደሚመጣ ሁሉም ሰምቷል። ውሃው ተመርዟል ተባለና ከብቱ እንዳይጠጣ ተከለከለ። በዚያ ሙቀት ከብቱ ቀኑን ሙሉ ውሃውን እያየ ሲጮህ ዋለ። ልጅ የያዙ እናቶች ውሃ ፍለጋ ዳገት ወጡ። የዓሣው ነገር ቀልድ ነበር፤ የውሃው ግን የሞት ሽረት ነው። ከዚያ ወደ ማታ ደመናው ተቀደደ፣ ጎርፍ ወረደ፣ የሞተውን ዓሣ ጠራርጎ ወደ ተከዜ ወሰደው። ሲነጋ ባሕሩ ቀይ፣ ቀዝቃዛና ሙሉ ነበር።

ጋቢው ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አባቴ ጋቢውን አየ፣ ከዚያ እናቴን አየ። ከባሕሩ በታች ውሃ እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በቤታችን የደስታ ወሬ በአማርኛም በአገዎቹ ቋንቋ በኽምጣናም ይወራል፤ የጭንቅ ነገር ግን ሁልጊዜ በኽምጣና ነበር። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኽምጣና «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለችው። አባቴ አልተቆጣም። ጋቢውን ከገመዱ አወረደ፣ አጠፈው፣ ከጎተራው ኋላ ከተተው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት በዘወትሩ፣ በቆሸሸው ጋቢው ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከበዓሉ ማግስት አውጫጭኝ ተጠራ። ወጣት አንባቢ ይህን ላያውቀው ይችላል። ጥፋት ሲደርስና ያጠፋው ሲጠፋ ያገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ካልደፈረ ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራል፤ እነሱም ወፍ ነገረችን ይላሉ እንጂ ስሙን አያወጡም። በመጨረሻም አባወራው ሁሉ በየተራ ይምላል። የሚምለው ለራሱ ብቻ አይደለም። «አላደረግሁም፤ ያደረገም አላውቅም» ብሎ ነው። ሴቶች አይምሉም፤ ሩቅ ቆመን ምግብ እናቀርባለን፣ እናያለን።

ዝናቡ ግን ገብቷል። መሬቱ ርሷል። ማሽላ ሊዘራ የሚገባው ቀን በዛፍ ሥር ያልቃል፣ በሬዎቹ ያለ ሥራ ያመሰኳሉ። መጀመሪያ የነበረው ቁጣ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ከሩቅ ሆኜ አየሁት። ሰዎቹ ማን እንደሆነ ማወቅ አልነበረም የሚፈልጉት። መነሳት ነበር የሚፈልጉት።

ቄሱ መስቀል ይዘው ቆመው የሚያውቀውን የደበቀ በግዝት የታሰረ ይሁን አሉ። መሐላው ዞረ። አባቴ ከተቀመጠበት ጥግ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። እናቴ የምግብ ሞሰብ ይዛ አጠገቤ ናት። የምንፈራው ነገር ግልጽ ነው። አባቴ አላውቅም ብሎ ቢምል በመስቀል ፊት ነፍሱን ይከዳል። አውቃለሁ ቢል እናቴን ለዚያ ሁሉ ወንድ ይሰጣታል፤ ውሃ መረዘች የተባለች ሴት ደግሞ ባሏ ቢወድም ቢጠላም ከዚያ አገር ትባረራለች፣ እኔም የመርዘኛዋ ልጅ እባላለሁ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አያ ገብሩ ነበሩ። ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው፤ ልጅ እያለሁ ቆሎ ይሰጡኝ ነበር። «ካሳ፣ ወፏ ስምህን ጠርታለች» አሉት። «ዓሣ የምትሸጥ አንተ ብቻ ነህ። ትምላለህ?»

አባቴ ተነሳ። «አያ ገብሩ፣ አልምልም» አለ። «እኔ ነኝ። ሰዉ ወደ እርሻው ይሂድ።»

«በምን አደረግኸው?»

«በብርብራ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ።»

ማንም ከዚህ በላይ አልጠየቀም። እናቴ ሞሰቡን እንደያዘች ወደ ፊት ተራመደች። አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ ቆመች። እኔ ክንዷን ያዝኩ፣ ግን እኔ ባልይዛትም የምትሄድ አልነበረችም፤ ያ አስተያየት ከእኔ እጅ ይበልጥ ይይዛል። ወንዶቹም ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሱ። ይሰድቡታል፣ ይመቱታል ብዬ ነበር። አልሰደቡትም። እፎይ አሉ። አንዱ እንዲያውም ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አደረገው፣ አመሰግናለሁ የሚል ይመስል። ከሁሉ ነገር ይልቅ እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ያ እፎይታ ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ወንዝ እንዳይወርድ ተከለከለ። ወንፈልም የሚገባለት አጣ፤ በወንፈል ካልሆነ ደግሞ በዚያ ቁልቁለት አንድ ገበሬ ብቻውን አርሞ አይዘልቅም። አረሙ ማሽላችንን በላው። መስከረም ሲጠባ ፍየሎቻችንን ሸጠን ሰቆጣ ገባን። ሰይድ የሆነውን ሰምቶ ነበር፣ አንድም ቃል አልጠየቀም፤ አባቴን ለሱቁ ዕቃ አውራጅና ጠባቂ አደረገው። አባቴ በዚህ ከተማ እስኪሞት ኖረ፤ መንጠቆ ግን ዳግም አልያዘም። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከአጥሩ አልፎ አይገባም። ለምን ብዬ ስጠይቀው በመስቀል ፊት ዋሽቻለሁ አለኝ። ለንስሐ አባትህ ንገር አልኩት። «ብናገር የማንን ስም ነው የምጠራው?» አለኝ። ሳይቆርብ ሞተ።

እናቴም ዓሣ አፏ አልገባም። የእኔን ምግብ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ሽታው ይከብደኛል ትላለች። አባቴን ግን እንደ እሷ የተንከባከበ ሰው አላየሁም። ከሥራ ሲገባ እግሩን ታጥበዋለች፣ እሱ ሳይቀምስ አትቀምስም፣ ሲታመም ከአጠገቡ አትነቃነቅም። ጎረቤት በፍቅራቸው ይቀና ነበር። ፍቅር አልነበረም አልልም። ግን እኔ ብቻ የማውቀው ሌላ ነገር አብሮት ነበር፤ የምትከፍለው ዕዳ አለባት፣ በየቀኑም ትከፍላለች። ስለዚያ ጋቢ በቤታችን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

እንግዲህ ሀብታሙ ፊት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። «ልጠይቅህ» አልኩት። «ከባሕር በላይ አንድ ጋቢ በእንዶድ ቢታጠብ እንዲህ ያለ ነገር ያደርሳል?» የነበረውን ሁሉ፣ የሾላዎቹን መቆረጥ፣ የውሃውን ሙቀት፣ ዓሣው ምንጭ አፍ ላይ መታጨቁን ነገርኩት። ማንን እንደነካ ብቻ ዘለልኩ። እጁን ከእንጀራው አንስቶ አሰበበት።

«እዚያ ስላልነበርኩ አልምልልሽም» አለ። «ግን እንዶድ ቢሆን ትንንሾቹ ነበሩ ቀድመው የሚያልቁት። ለአንድ ጋቢ የሚሆን እንዶድ ደግሞ ያን ያህል ባሕር አይመርዝም። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ መሰብሰባቸው ራሱ ቀድሞ ታፍነው እንደነበር ይናገራል። እትዬ፣ ሙቀቱ ነው የገደላቸው። እንዶዱ ባይኖርም ይሞቱ ነበር።»

ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቹ ትቼ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእናቴ በሕይወቴ ሰጥቻት የማላውቀውን ነገር ይዤላት እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ላይ ቃላቱን አዘጋጀሁ፣ ባጃጁም ቀርፋፋ መሰለኝ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ምስር ትለቅም ነበር። ከፊቷ ተቀምጬ በኽምጣና ጀመርኩ፤ በአማርኛ ልነግራት አልቻልኩም። ሐይቁ ላይ ዓሣ ማለቁን፣ ውሃው ሲሞቅ አየሩ እንደሚያንስ፣ ትልልቁ ለምን ቀድሞ እንደሚሞት፣ አምባዛው ለምን እንደተረፈ ነገርኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ስጨርስ «አንቺ አልገደልሻቸውም፣ እማ» አልኳት።

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። ከዚያ «ሐይቁ ላይስ ማንን ያዙ?» አለችኝ።

«ማንንም አልያዙም። ሙቀት ነው ተባለ፣ በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ፊቷን ወደ ሰፌዱ መለሰች። እፎይ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች ብዬ ነበር። «በእኔ ጥፋት ተሰደደ ብዬ ኖርኩ» አለች። «ከባድ ነበር፣ ግን ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እግሩን ሳጥብ ይቀለኝ ነበር፤ ስጾምለት ይቀለኝ ነበር። አሁን በከንቱ ነው ትዪኛለሽ። አገሩን የተወው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሞ የቀረው በከንቱ ነው። ይኼንንስ በምን ልቻለው፣ ልጄ?»

ሰፌዱን ከእጇ ወስጄ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። እኔ፣ ማውራት የምችለው ሰው።

ካለፈው ግንቦት ወዲህ ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ከሐይቁም እንደገና ዓሣ ይመጣልኛል፣ ቢሆንም ትልቅ የሚባለው ቀንሷል። ሀብታሙ ሙቀቱ በየዓመቱ እየባሰ ከሄደ ከዚህም ያንሳል ይላል። እውነት ያሳርፋል ብዬ አምን ነበር፤ እናቴን አላሳረፋትም። አንዳንድ ቀን ባልነገርኳት ኖሮ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ማንም ሰው ያላጠራውን የአባቴን ስም እኛ ካላጠራነው ማን ያጠራዋል እላለሁ። ማታ ማታ ስገባ እናቴ ታስቀምጠኝና ያንኑ ነገር እንደገና እንድነግራት ትጠይቀኛለች፤ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ትልልቆቹም። እነግራታለሁ። ሰምታ ስታበቃ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«አባትሽ ይኼን ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን ምን ይል ነበር?»

አላውቅም እላታለሁ። የማልነግራት ሌላ መልስ ግን አለኝ። ቢያውቅም፣ ለእነሱ ቢያስረዳም፣ እነዚያ ሰዎች ፀሐይን ይዘው ወደ እርሻቸው አይሄዱም ነበር። የሰው ስም ነበር የሚፈልጉት። አባቴም የእሷን ከሚሰጣቸው የራሱን ሰጣቸው።